የጂቱ ጠርሙስ

ጠርሙስ ማጠብ ምን ሥራ ነው የሚል ሰው ዲንቄን አያውቃትም ማለት ነው። ከየካ ሚካኤል በታች፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ በነበረው ላቦራቶሪ ዘጠኝ ዓመት ጠርሙስ ስታጥብ «ይኼኛው አልጠራም» ተብሎ አንድም ቀን የተመለሰባት የለም። መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ፣ ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ። ሲያልቅ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች። ውሃው በጠርሙሱ ላይ ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ልብስ ከወረደ ጠርቷል። እዚህም እዚያም ጠብታ ሆኖ ከቆመ ግን ሳሙና ቀርቶበታልና እንደገና ከአንድ ይጀመራል። አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች በዚህ ይስቁባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅና የእነሱን ጠርሙስ ጨምራ ታጥበዋለች።

ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ለሴል ነበር። ላቦራቶሪው ክትባት የሚሞክረው በጠርሙስ ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች ላይ ነው፤ ሴል ደግሞ ከሳሙና ጋር አይስማማም፣ ትንሽ ከቀረ ያልቃል። ሴል ምን እንደሆነ ያስረዳት ቴክኒሻኑ አቶ ወንድይራድ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስረዳ የነጭ ካፖርቱን ቁልፍ የሚቆልፍና የሚፈታ ሰው።

«ግድግዳ ከድንጋይ እንደሚሠራ ሰውም ከሴል ነው የተሠራው» አላት። «ድንጋዩ ግን ሕይወት አለው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ሲያድግ ለሁለት ይከፈላል።»

የዲንቄ ባል ገረሱ ድንጋይ ጠራቢ ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባት። ቤት ገብታ ስትነግረው ገረሱ «ድንጋይ መብላት ከጀመረ እኛ ምን ልንበላ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሰውየው እንዲህ ነበር፤ ወሬው ትንሽ፣ ቀልዱም ከዚያ ያነሰ፣ ግን በሰዓቱ የሚመጣ።

የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተር ኢርማ የምትባል ከሃንጋሪ የመጣች ሴት ናት። አማርኛዋን ከዘበኞቹ ስለተማረች ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። ዲንቄን በጣም ትወዳት ነበር። «ዲንቄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ» ስትላት ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሳቅ እንዳያመልጣቸው።

ዲንቄና ገረሱ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጠበቁ። ቤታቸው ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ገረሱ ራሱ በጠረበው ድንጋይ የሠራው፣ ከልጅ በስተቀር ሁሉ ያለው ቤት። በ1954 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ገረሱ ጂቱ አላት። ይኼ የቤት ስሟ ነው፤ የክርስትና ስሟን የምታገኘው እንደ ማንኛዋም ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነበር። ገረሱ ለዚያ ቀን ገና በወሩ ዳስ የሚጣልበትን ቦታ መደልደል ጀመረ። ዲንቄ ጌሾ አስወቀጠች። አሥራ አንድ ዓመት ሲበሉ የኖሩትን የሰው ድግስ በአንድ ቀን ሊመልሱ ነበር ሐሳባቸው።

በስድሳ ስምንተኛው ቀን ልጅቱን ትክትክ ያዛት። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ኢየሱስ ሲሰሙ መልእክት ላኩ፤ ልጅ ከታመመች ሰማንያ ቀን አይጠበቅም፣ ነገ አምጧትና ክርስትና ትነሣ አሉ። ገረሱ በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ ተነሣ።

«እንውሰዳት» አላት።

«በዚህ ብርድ? በዚያ ውሃ? ስትስል እያየሃት?» አለችው ዲንቄ። የእንጦጦን የጠዋት ውሃ ሁለቱም ያውቁታል፤ እጅ ያደነዝዛል። «ሳምንት ታገሠኝ። ይሻላትና በቀኗ እናነሣታለን።»

ገረሱ ጋቢውን አወለቀ። ልጅቱ በሰባ ሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች።

ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፍትሐት የለውም። ገረሱ ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፣ ድንጋዩን ራሱ አቆመ፣ ድንጋዩ ላይ የሚጻፍ ስም ግን አልነበረም። ያቺን ሳምንት አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። ቢያነሣባት ይሻላት ነበር። ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፣ ዲንቄም ያላለውን ሁሉ ስትሰማ ታድራለች።

ግን ከቀብሩ በፊት ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ዶክተር ኢርማ ለዲንቄ ብላ መጥታ ከአልጋው ራስጌ ቆማ ነበር፤ ልጅቱ ካረፈች በኋላ አቶ ወንድይራድን ጠርታ ብዙ ነገር በቀስታ ነገረችው። እሱም ካፖርቱን እየቆለፈና እየፈታ ወደ ዲንቄ መጣ።

«ከክንዷ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ብትፈቅዱልን ነው የምትለው። ቆዳዋ በጠርሙስ ያድጋል፣ ለክትባት ሥራ ይጠቅማል። ካልፈቀዳችሁ አይነካም።»

ገረሱ ወደ ውጭ ወጣ።

«ጠርሙስ ውስጥ ስንት ጊዜ ትቆያለች?» አለች ዲንቄ።

«ሴል በደንብ ከተመገበ አይሞትም። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አይሞትም?»

«የሚያበላው ሰው ካልተሳሳተ አይሞትም» አላት አቶ ወንድይራድ። በዚያን ጊዜ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ እንዲህ ያምኑ ነበርና ሰውየው አልዋሻትም። ዲንቄ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ በወረቀቱ ላይ ጫነች።

ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን አቶ ወንድይራድ ሴሎቹ ወደሚያድጉበት የሙቀት ሣጥን ወሰዳትና አንዲት ጠፍጣፋ ጠርሙስ አሳያት። በማይክሮስኮፕ እንድታይ አንድ ዓይኗን በእጁ ሸፈነላት። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቷን ብቻ ነበር የምታየው። ቆይቶ ታያት። ቀጫጭን፣ ረዣዥም ነገሮች፣ ነፋስ ወደ አንድ ጎን እንዳስተኛው የጤፍ ማሳ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እዚህና እዚያ አንዱ ክብ ይሆንና ያበራል፤ ለሁለት ሊከፈል ሲል ነው አላት። ዲንቄ ቀና ስትል አፍንጫዋ በማይክሮስኮፑ ጥቁር ቀለም ተነክቶ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ አጣቢነቷ ላይ ማብላት ተጨመረላት። ማብላቱን ለምና ያገኘችው ነው። ምግቡ ከጥጃ ደም የሚወጣ ጠራ ያለ ውሃና ጨው፣ ስኳር፣ ሌላም ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ሮዝ ፈሳሽ ነው። ሴሎቹ ሲርባቸው ሮዙ ወደ ቢጫ ይዞራል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ይደፋና አዲሱ ሞቅ ተደርጎ ይገባል። ጠርሙሱ ሲሞላ ሴሎቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ለክትባት ሙከራ ይሄዳል፣ ግማሹ አዲስ ጠርሙስ ውስጥ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ክፍፍል አቶ ወንድይራድ በሰም እርሳስ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ይጽፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ዶክተር ኢርማ ከውስጡ ትንሽ ቀንሳ በአንዲት ብልቃጥ አሸገችና ሁሉን ድንጋይ በሚያደርገው ኃይለኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠች። ቀዝቅዘውም አይሞቱም፣ ይተኛሉ አለች። ዲንቄ ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለይታ አወቀች።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነው። ዲንቄ ጠርሙሱን ልጄ ብላ ጠርታው አታውቅም። እብድ አልነበረችም። ጂቱ የት እንዳለች፣ የትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለች ታውቃለች። ግን ጡቷ ገና ወተት ነበረው፤ ሮዙ ውሃ ቢጫ ሆኖ ስታየው ወተቷ ይወርዳል። ይኼን ለማን ትናገራለች?

ለቄስ ወልደ ኢየሱስ ተናገረች። ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ ዳገቱን ወጥታ ከኪዳነ ምሕረት ቅጥር ሥር ተቀምጠው ጃንጥላ ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ከልጄ የቀረ ነገር አለ። ክርስትና ይነሣልኝ» አለቻቸው።

ቄሱ መርፌውን ጃንጥላው ላይ ሰክተው እስክትጨርስ ሰሟት። የማይገባቸውን ነገር ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ያን ቀን ግን ብዙው ስላልገባቸው ጥያቄው በዛ።

«ታለቅሳለች?»

«አታለቅስም አባ።»

«ትጠባለች?»

«ትጠባለች» አለች ዲንቄ።

ቄሱ እንዲህ አሏት። «ልጄ፣ እኔ የማጠምቀው ሰው ነው፤ የሰው ቆዳ አጥምቄ አላውቅም፣ ሥልጣንም የለኝም። ነፍሷ ጠርሙስ ውስጥ የለችም። ነፍሷ ያለችበትን የሚያውቅ እሱ ከኔም ካንቺም ይልቅ ሩኅሩኅ ነው። እጸልይላታለሁ።»

«በማን ስም ይጸልዩላታል?»

ቄሱ መርፌውን ከሰኩበት ነቀሉ። ጃንጥላቸውን እንደገና አነሡ። ዲንቄም ወደ ጸበሉ ወርዳ በትንሽ ብልቃጥ ቀዳች። ሰኞ ጠዋት፣ አቶ ወንድይራድ ሳይገባ፣ ያን ሰሞን ሴሎቹ ከነበሩባቸው ሁለት ጠርሙሶች አንዱን ከፍታ ሦስት ጠብታ ጨመረችበት። ረቡዕ ጠርሙሱ ደፈረሰ።

አቶ ወንድይራድ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። «ምን ጨመርሽበት?» አላት። ነገረችው። አልተቆጣም። «ጸበሉ ለሰው ነው፣ ዲንቄ። እዚህ ውስጥ ፈልቶ ያልተዘጋ ውሃ ከገባ ተሕዋስ ነው የሚበላቸው። የእንጦጦ ይሁን የቧንቧ ለውጥ የለውም።» የጠርሙሱን ውስጥ አፍልቶ ደፋው፤ ለዶክተሯ አቧራ ገብቶበት ነው አላት። የቀረችው አንዲት ጠርሙስ ቀጠለች። ዲንቄ ግን ልጇን ሁለተኛ ጊዜ እንደጎዳች ቆጠረችው።

ክረምቱ ወጣ። ሃያኛው፣ ሠላሳኛው ክፍፍል አለፈ። አዲሱ ዓመት ገባ፣ 1955። ጂቱ ብትኖር ኖሮ የምትቀመጥበት ጊዜ መጣ፣ የምትድህበትም መጣ። ዲንቄ ማሰሮና ማንቆርቆሪያ ከወለሉ ላይ አንስታ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ እንደ ጀመረች ገረሱ አየ። እሱ ላቦራቶሪው በር ድረስ መጥቶ አያውቅም። ስለ ጠርሙሷ ስትነግረው ተነሥቶ እንጨት ይፈልጣል።

አርባ አንደኛው ክፍፍል ላይ ጠርሙሷ ለመሙላት በአራት ቀን ፈንታ ሰባት ቀን ፈጀች። አርባ አራተኛው ላይ አሥራ አንድ ቀን። አርባ ስምንተኛው ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆየችና አልሞላችም። በማይክሮስኮፕ ስትታይ የጤፍ ማሳው የለም። ሴሎቹ ሰፍተዋል፣ ተንጣለዋል፣ ውስጣቸው አሸዋ የተበተነበት መስሏል፤ ያ የሚያበራው ክብ ነገርም አይታይም። ዲንቄ ምግቡን ጨመረች። ጠርሙሶቹን በአሥራ ሁለት ፈንታ ሃያ ጊዜ አጠበች። እጇ ተላጠ።

መጽሐፉ ሴል አይሞትም ካለ ሴሉ ከሞተ ጥፋቱ የሰው ነው። በዚያን ዘመን በየአገሩ ባለው ላቦራቶሪ ሴል መከፈል ሲያቆም ሁልጊዜ አንድ ጥፋተኛ ይፈለግ ነበር፤ ምግቡ፣ ሙቀቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አጣቢው። ዶክተር ኢርማ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ምግቡን መረመረች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ሁለቱም ደኅና ሆኑ። የቀረው ጠርሙሱ ነበር። ዲንቄን ጠርታ ለጊዜው ወለል እንድትጠርግ ነገረቻት። ዲንቄ እሺ አለች። ዘጠኝ ዓመት ያነሣችውን ብሩሽ ለሌላ ሴት ሰጥታ መጥረጊያ ያዘች። ያ ሳምንት እጅግ ከበዳት። ሥራው አልነበረም የከበዳት። ልጇ በእጇ ሞተች ማለት ነው፤ አንዴ በውሃ ፍርሃት፣ አሁን ደግሞ በሳሙና።

ጠርጋ ጠርጋ አንድ ቀን መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ አቶ ወንድይራድ ፊት ቆመች።

«ለዶክተሯ የምትነግሩልኝ ነገር አለ። ያቺ የተኛችው ብልቃጥ ትነሣ። አሥረኛዋ። እኔ ባጠብኩት ጠርሙስ ውስጥ አስገቧት። አሮጌዋንም እኔው ባጠብኩት ጠርሙስ አድርጓት። ምግቡ ያው ይሁን፣ ሙቀቱ ያው ይሁን። የኔ ሳሙና ከሆነ የሚገድለው ሁለቱም ያልቃሉ። ካልሆነ ይታያል።»

አቶ ወንድይራድ ካፖርቱን መቆለፉን ተወ። «ያለችን ግን እሷ ብቻ ናት። ከተነሣች በኋላ መልሰን ብናስተኛት ላታድርልን ትችላለች።»

«አውቃለሁ።»

«ሳትነቃ ብትቀመጥ መቶ ዓመትም ልትቆይ ትችላለች ዲንቄ።»

«እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ ይኼን ሳላውቅ መቶ ዓመት ምን ያደርግልኛል?» አለች።

ብልቃጧ ከማቀዝቀዣው ወጥታ በሞቀ ውሃ ቀለጠች። ዲንቄ በዚያ ቀን ብሩሿን መልሳ አነሣች። በአምስተኛው ቀን የተነሡት ሴሎች ቀጫጭንና ረዣዥም ሆነው ጠርሙሱን ሞሉት፤ አሮጌዎቹ ከጎናቸው ባለው ጠርሙስ፣ በዚያው ምግብ፣ ተንጣለው እንደተቀመጡ ነበሩ። ዶክተር ኢርማ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች። በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ አንድ የምርምር መጽሔት በፖስታ ደርሶ ነበር። እዚያም ያሉ ሰዎች ያንኑ አይተዋል። የሰው ሴል ሃምሳ ጊዜ ያህል ይከፈላል፣ ከዚያ ያቆማል፤ የምግብ ወይም የጠርሙስ ጉድለት አይደለም፣ ቆጠራው ያለው በሴሉ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ተሳስቶ ነበር።

ዶክተሯ መጽሔቱን እንደያዘች ወደ ማጠቢያው ክፍል መጣች። «ዲንቄ» አለች። «አንተ አልገደልክም።» ከዚያ አማርኛዋ አለቀባትና የዲንቄን እርጥብ እጅ ይዛ ቆመች። ዲንቄ የዚያን ዕለት እስኪመሽ ስታጥብ ዋለች፤ ለምን እንደምታለቅስ የጠየቃት አልነበረም።

ቆጠራው የት እንደሚቀመጥ በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ የሚያውቁት እንደሚሉት በሴሉ መሐል የዘር ክር አለ፤ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ክሩ እንደ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ በተገለበጠ ቁጥር ከጫፉ ጥቂት ይጎድላል፣ ነጠላ በታጠበ ቁጥር ዘርፉ እንደሚያልቅ። ዘርፉ አልቆ ልብሱ ሊነካ ሲል ሴሉ ያቆማል። ወዲያው አይሞትም። ይሰፋል፣ ይከብዳል፣ ሳይከፈል ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ዲንቄ ይኼን ሳትሰማ ነው ያለፈችው፤ ግን ዘርፍ ሲያልቅ ማወቅ ለአጣቢ ሴት ከማንም በላይ የቀረበ ነገር ነው።

አሁን የቀሩት አርባ ነበሩ፤ ዲንቄም ወደ ታች መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ሲቀራት፣ አቶ ወንድይራድ ጠርሙሷ ላይ ቁጥር ሲጽፍ፣ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።

«ከኔ ውሰዱ።»

«ለምን?»

«ለሷ ጨምሩላት። የኔን ዕድሜ።»

አቶ ወንድይራድ እጅጌዋን ቀስ ብሎ መለሰላት። «ከአንዱ ለአንዱ አይሰጥም፣ እህቴ። ቢሰጥ ደግሞ ያንቺ ከሷ ያነሰ ነው። አንቺ ብዙውን ኖረሽዋል።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። መልስ የምትፈልግበት ጥያቄ አልነበረም።

ክፍፍሎቹ አለፉ። ሃያ ቀራት፣ ከዚያ አሥር። መስከረም 1956 ላይ መዘግየት ጀመረች፣ ጥቅምት ላይ አቆመች። ሃምሳ አንደኛው ላይ። ብሩሹ ያው፣ ምግቡ ያው፣ ጥፋተኛ የለም። ሴሎቹ እንዳቆሙ ሳይሞቱ ተቀመጡ። ላቦራቶሪው ሌላ ሴል ከውጭ አስመጥቶ ሥራውን ቀጥሎ ነበርና ጠርሙሷ ከእንግዲህ ለምንም አትጠቅምም፤ ግን አቶ ወንድይራድ አልጣላትም፣ ዶክተር ኢርማም አላየሁም አለች። ዲንቄ ሁለት ወር አበላቻት። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሮዙን ሞቅ አድርጋ።

በታኅሣሥ፣ ልጅቱ በተወለደችበት ሰሞን፣ ከምሳ በኋላ ዘበኛው መጥቶ «የሚፈልግሽ ሰው አለ» አላት። ገረሱ ነበር። የድንጋይ አቧራውን አራግፎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«እስቲ አሳይኝ» አላት።

አስገባችው። አቶ ወንድይራድ ወንበር ስቦለት ክፍሉን ለቀቀላቸው። ዲንቄ ጠርሙሷን ከሙቀት ሣጥኑ አወጣች፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠች፣ እንደተደረገላት አንድ ዓይኑን በእጇ ሸፈነችለት። ገረሱ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጎንበስ አለ። 

«የትኛዋ ናት?»

«ሁሉም።»

«መጀመሪያም እንዲህ ነበረች?»

«አይደለም» አለች ዲንቄ። «መጀመሪያ ቀጭን ነበረች። ትሮጥ ነበር፤ በአራት ቀን ጠርሙስ ትሞላለች። ኋላ እየዘገየች መጣች። አሁን ሰፍታ፣ ነጠብጣብ ይዛ፣ ቁጭ ብላለች። ትበላለች እንጂ ሌላ አትሠራም።»

ገረሱ ዓይኑን ሳያነሣ ብዙ ቆየ። ከውጭ እንጨት ሲፈለጥ ይሰማል።

«አርጅታለች» አለ።

ዲንቄ ይኼን ቃል ለጂቱ አስባው አታውቅም ነበር። ሰባ ሦስት ቀን የኖረች ልጅ፣ ጥርስ ያላወጣች፣ ስም ያላገኘች። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትናፍቀው ልጇ ስትቀመጥ፣ ስትድህ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ማየት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ናፍቆቷ ደፍሮ ሄዶ አያውቅም። እዚህ ግን የልጇ ሥጋ እስከ መጨረሻው ሄዷል፤ ማንም ሳያቋርጠው፣ የተሰጠውን ሁሉ ጨርሶ።

«አዎ» አለችው። «ማርጀቷን አየንላት።»

ገረሱ ቀና አለ። አፍንጫው ላይ ጥቁር ቀለም ነበረበት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። «ያኔ ጋቢዬን ያወለቅሁት እኔ ነኝ» አላት። «ያንቺን ቃል ብቻ ሰምቼ አይደለም። እኔም ውሃውን ፈርቼዋለሁ።» ይኼን ሳይናገር ሲኖር ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀሩት። ዲንቄ እጁን ያዘችና አብረው አለቀሱ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች እንዳይረበሹ።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፣ የምግብ ቀን። የጠርሙሱ ውሃ ቢጫ ሆኗል። ዲንቄ ጠርሙሷን ወደ ሙቀት ሣጥኑ መለሰች፣ በሩን ዘጋች፣ ነጠላዋን አጣፋች። ምግቡን አላሞቀችም።